በጣና ዳርቻ ሰላጣ ማልማት፦ የመዝሪያ ጊዜው፣ ውሃውና አያያዙ

ሰላጣ ቀዝቀዝ ያለ አየርና ሳያቋርጥ እርጥብ የሆነ አፈር የሚወድ የቅጠል አትክልት ነው። ባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ያሉት ቀበሌዎች ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኙ፣ ሌሊታቸው በታኅሣሥና በጥር ደህና አድርጎ የሚቀዘቅዝ፣ ቀናቸው ግን በመጋቢትና በሚያዝያ ወደ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚጠጋ በመሆኑ፣ ለዚህ ተክል የዓመቱን እኩሌታ የሚመቹ፣ በቀረው ደግሞ የሚፈታተኑት ናቸው። በዚህ አካባቢ ሰላጣ ለማልማት የተነሳ ሰው ስለዚህ ከማዳበሪያም ከመድኃኒትም አስቀድሞ የሚዘራበትን ሳምንት ማስላት ይኖርበታል። ነገሩን የሚያከብደው የገበያው ፍላጎት ነው። ሰላጣ ከበያይነቱ ጋር በብዛት የሚቀርበው በጾም ወራት፣ በተለይም በዐቢይ ጾም ነው፤ ዐቢይ ጾም ደግሞ ከየካቲት 1 ቀድሞ፣ ከመጋቢት 5 አልፎ ስለማይገባ፣ 55 ቀኑ ሁልጊዜ የሚውለው ሙቀቱ እየበረታ በሚሄድበት ጊዜ ነው። ተክሉ የሚወደው ወቅት አንድ፣ ተመጋቢው የሚፈልግበት ወቅት ሌላ ነው ማለት ነው። ይህ መመሪያ በአብዛኛው የሚያተኩረው ሁለቱን በማቀራረቡ ሥራ ላይ ነው።

ተክሉና ጠባዩ

ሰላጣ በጓሮ ከጎመንና ከቆስጣ አጠገብ ቢተከልም ዝምድናው ከእነርሱ ጋር ሳይሆን ከኑግ፣ ከሱፍና ከአደይ አበባ ጋር ነው። አብቦ ላየው ሰው ይህ ግልጽ ነው፤ አናቱ ላይ የሚያወጣቸው ደቃቅ ቢጫ አበቦች የኑግን አበባ በትንሹ ያስታውሳሉ። በዓባይ ታችኛው ጫፍ፣ በግብፅ፣ ከ4,000 ዓመት በፊት ጀምሮ ይለማ እንደነበረ የመቃብር ግድግዳ ሥዕሎች ያሳያሉ፤ በዚያ ዘመን ከቅጠሉ ባልተናነሰ ከፍሬው ለሚጨመቀው ዘይት ይፈለግ ነበር።

ለአልሚው ከሁሉ በላይ አስፈላጊ የሆነው የተክሉ ጠባይ አገዳ ማውጣቱ ነው። ሰላጣ ዕድሜው አጭር ነው፤ ቅጠሉን አብዝቶ እንደጨረሰ ከመካከሉ አገዳ ልኮ፣ አብቦና አፍርቶ ይደርቃል። ወደዚህ ደረጃ የሚገፉት ሁለት ነገሮች ረጅም ቀንና ሙቀት ናቸው። በአውሮፓ የበጋው ቀን 16 ሰዓትና ከዚያም በላይ ስለሚረዝም ቀኑ ራሱ ተክሉን ያስቸኩለዋል፤ በባሕር ዳር ግን የዓመቱ ረጅሙ ቀን 13 ሰዓት እንኳ ስለማይሞላ ዋናው የሚያስቸኩለው ሙቀቱ ነው። ይህ መልካም ዜና ነው፤ የቀንን ርዝመት መቀነስ ባይቻልም ሙቀትን በጥላ፣ በውሃና በጉዝጓዝ ማለዘብ ይቻላልና። ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ለሰላጣ ምቹ ነው፤ ቀኑ በተከታታይ ከ27 ወይም ከ28 ዲግሪ ሲያልፍ ግን ተክሉ መሮጥ፣ ማለትም አገዳ መላክ ይጀምራል።

መምረሩ አገዳው ከመታየቱ በፊት እንደሚጀምር ልብ ማለት ያስፈልጋል። በመካከል ያሉት አዳዲስ ቅጠሎች እንደቀድሞው ክብና ሰፊ መሆናቸውን ትተው ጠበብና ሾል ሲሉ፣ አቅጣጫቸውም ከጎን ወደ ላይ ሲሆን፣ ከውጭ አንዱን ቅጠል ከሥሩ ቀንጥሶ ስብራቱን ማየት ይገባል። ወዲያውኑ ነጭ፣ ወተት የመሰለ ፈሳሽ በጠብታ ከተቋጠረና ጣት ላይ ሲደርቅ ቡናማ ሆኖ ከተጣበቀ፣ ምሬቱን የሚሸከመው ፈሳሽ በዝቷል ማለት ነው፤ ያን መደብ በዚያው ሳምንት ማንሳት እንጂ «ትንሽ ይጨምር» ብሎ ማቆየት ኪሳራ ነው።

ዓይነቱን መምረጥ

የሰላጣ ዓይነቶች በጥቅሉ አራት ናቸው፤ ሳይጠቀለል ቅጠሉ ተበትኖ የሚያድገው፣ ለስለስ ያለ እቅፍ የሚሠራው፣ ቅጠሉ ረዝሞ ቀጥ ብሎ የሚቆመው፣ እንዲሁም እንደ ጥቅል ጎመን ጠንክሮ የሚጠቀለለው። ገበያ ላይ ግሬት ሌክስ በሚል ስም የሚታወቀው ከጠንካራ ጥቅሎቹ ወገን ነው። ጥቅሉ ሲጭኑት አይጎዳም፣ ሆቴሎችም ይወዱታል፤ ነገር ግን ረጅም የቅዝቃዜ ጊዜ ይፈልጋል፤ ከተዛወረ በኋላ ከ60 እስከ 80 ቀን ስለሚቆይ ችግኙ በኅዳር ውስጥ መደብ ላይ ካልተተከለ ጥቅሉ ሳይጠነክር ሙቀቱ ይደርስበታል። በእኔ ግምት ለጓሮም ሆነ ለጾም ገበያ የሚያዋጣው ተበትኖ የሚያድገው ነው፤ ከ45 እስከ 60 ቀን ውስጥ ይደርሳል፣ ካስፈለገም ለጋ ሳለ ይቆረጣል፣ የውጭ ቅጠሎቹም እየተቀነጠሱ መሀሉ እንዲቀጥል ሊተው ይችላል።

ዘር ሲገዛ የማሸጊያውን ቀን ማየት የግድ ነው። የሰላጣ ዘር ደቃቅ ነው፤ በአንድ ግራም ውስጥ ከ800 እስከ 1,000 ፍሬ ይገኛል፤ ሙቀትና እርጥበትም ቶሎ ያበላሹታል። ከተከፈተ ቆርቆሮ በማንኪያ እየተሰፈረ የሚሸጥ ዘር ዋጋው ቢረክስም መቼ እንደተከፈተ የሚናገር ምልክት የለውም። አሥር ካሬ ሜትር መደብ የሚይዘው ከ110 ብዙም ያልበለጠ ተክል ስለሆነ፣ ለቤተሰብ ጓሮ አንዲት ትንሽ እሽግ ከበቂ በላይ ናት።

የችግኝ መደብ

የሰላጣ ዘር ያልበቀለለት ሰው ብዙውን ጊዜ ዘሩን ይወቅሳል፤ ከዘሩ ይልቅ ጥፋቱ የሚገኘው ግን በሁለት ነገር ነው። አንደኛው ሙቀት ነው። አፈሩ ከ25 ዲግሪ እያለፈ ሲሄድ ብዙዎቹ ዓይነቶች ደህና ሆነው ሳሉ እንቅልፍ ውስጥ ገብተው ሳይበቅሉ ይቀራሉ። በጥርና በየካቲት ለሚዘራ ዘር መፍትሔው ቀላል ነው፤ ዘሩን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ከውሃ እንስራ ሥር ወይም በቤት ውስጥ ካለ ሌላ ቀዝቃዛ ስፍራ አንድ ወይም ሁለት ቀን ማቆየትና ነጩ ሥር ብቅ ማለት ሲጀምር አመሻሽ ላይ መዝራት ነው። ሁለተኛው ጥፋት ጥልቀት ነው። አንዳንዶቹ የሰላጣ ዓይነቶች ለመብቀል ብርሃን ይሻሉ፤ በ1952 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በአሜሪካ ቤልትስቪል የሚሠሩ ተመራማሪዎች ግራንድ ራፒድስ የተባለውን ሰላጣ ዘር ቀይ ብርሃን ሲያሳዩት እንደሚበቅል፣ ከቀዩ ባሻገር ያለውን ብርሃን ሲያስከትሉበት ግን ተመልሶ እንደሚተኛ ያረጋገጡ ሲሆን፣ ዕፅዋት ብርሃንን የሚለዩበት ንጥረ ነገር የተገኘው ይህንኑ ፍለጋ በመከተል ነበር። ለአልሚው ትርጉሙ አጭር ነው፦ ዘሩ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር በላይ አይቀበርም። የደቀቀ ኮምፖስት በስሱ ነስንሶ በጠፍጣፋ እንጨት ጫን ጫን ማድረግ ይበቃል።

በመስመር የተዘራው መደብ በስስ ደረቅ ሣር ይሸፈንና ቀዳዳው ደቃቅ በሆነ ማጠጫ ጠዋትና ማታ ይርከፈከፋል። ችግኙ ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ብቅ ሲል ሣሩ በዚያው ዕለት መነሳት አለበት፤ ከዘገየ ችግኙ ብርሃን ፍለጋ ቀጥኖ ይወድቃል። ተጨናንቆ የበቀለው በሁለተኛው ሳምንት ይሳሳል። ይህን ሥራ «ያሳዝናል» ብለው የሚተዉት ብዙዎች ናቸው፤ አንገቱ ላይ በስብሶ የሚወድቅ ችግኝ የሚታየው ግን በአብዛኛው እንዲህ ባለው ጥቅጥቅና ሁልጊዜ እርጥብ በሆነ መደብ ላይ ነው።

አፈሩን ማዘጋጀትና ማዛወር

ሰላጣ ምግቡን የሚለቅመው ከላይኛው 30 ሴንቲ ሜትር አፈር ነው፤ ስለዚህ ጥልቅ እርሻ ሳይሆን የላላና ውሃ የሚይዝ የላይ አፈር ያስፈልገዋል። ቀዩ አፈር ውሃ ቶሎ ስለሚያሳልፍ ኮምፖስት ሲጨመርበት ጥሩ መደብ ይወጣዋል። በፎገራ ሜዳና በሐይቁ ዳር የሚገኘው ዋልካ ግን በክረምት ይጨቀያል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ሲሰነጠቅም ሥሩን ይበጥሳል፤ በዚህ ላይ የሚያለማ ሰው ለዝናቡ ወቅት መደቡን ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ከፍ ማድረግ፣ ለበጋው ደግሞ ዝቅ አድርጎ በወፍራም ጉዝጓዝ መሸፈን ይኖርበታል። የመደቡ ስፋት ከአንድ ሜትር ካልበለጠ ሳይረግጡት ከሁለቱም ጎን እጅ ይደርሳል። በካሬ ሜትር ሦስት ኪሎ ገደማ የበሰለ ኮምፖስት ወይም ፍግ ይበቃል። በጎጃም ደጋማ አካባቢ እንዳለው አሲዳማ ለሆነ አፈር ኖራ ወይም በልኩ የምድጃ አመድ ይረዳል። ሰላጣ አሲዳማነትን አይታገሥም።

ፍጉ የበሰለ መሆን አለበት የሚባለው ለተክሉ ጤና ብቻ አይደለም። ሰላጣ ሳይበስል የሚበላ፣ ቅጠሉም መሬት የሚነካ ስለሆነ፣ ጥሬ ፍግ የገባበት መደብ ላይ ምርቱ የሚነሳው ቢያንስ ከ4 ወር በኋላ መሆን አለበት። ዩሪያ የሚጨምር ሰው ጥቂት ጥቂቱን፣ ከሥሩ ራቅ አድርጎ፣ ከተዛወረ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይጨምር፤ ሲበዛ ቅጠሉ ውሃ ውሃ ይላል፣ ክሽክሽ የተባለው ደቃቅ ተባይም ይወደዋል።

ችግኙ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ሲሞላው፣ አራት ወይም አምስት ቅጠል ሲያወጣ ይዛወራል። ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ፣ ሁለቱም መደቦች ከጠጡ በኋላ፣ ከሥሩ አፈር ጋር ተነስቶ በ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት፣ ማለትም ከስንዝር ሰፋ አድርጎ ይተከላል። ልቡ፣ ቅጠሎቹ የሚነሱበት እምብርት፣ በምንም ዓይነት አፈር ሊገባበት አይገባም፤ የተቀበረ ልብ ይበሰብሳል።

ውሃው ከየት ይምጣ?

ከሥራው ሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ የሚፈልገው ይህ ነው፤ የሰላጣ ቅጠል 95 በመቶው ውሃ ነውና የጠጣው ውሃ ተመልሶ ገበታ ላይ ይቀርባል። በባሕር ዳር ዙሪያ ለአትክልት የሚውለው ውሃ ከሐይቁ፣ ከዓባይ፣ ከጉድጓድ ወይም ከከተማው ከሚወርዱ ቦዮች ይመጣል። የመጨረሻው ለሰላጣ መዋል የለበትም፤ ማዳበሪያነት አለው የሚሉ ቢኖሩም፣ አሜባ፣ ታይፎይድና የአንጀት ትላትል ይዞ ሳይበስል ወደሚበላ ቅጠል መግባቱ ጥቅሙን ዋጋ ያሳጣዋል። ለበቆሎ ወይም ለመኖ ሣር ይሁን። ከመጸዳጃና ከከብት ማደሪያ የራቀ፣ አፉ የተከደነ ጉድጓድ ከሁሉ ይሻላል።

ሐይቁ ከዝናቡ ማብቂያ ጀምሮ እስከ ግንቦት ድረስ እየሸሸ ሲሄድ የሚገለጠው ደለል እርጥበቱን ይዞ ስለሚቆይ ያጓጓል። ሆኖም ከብቱ ሁሉ ውሃ የሚጠጣው በዚያ በኩል ነው። ደንገሉን መንጥሮ ወደ ውሃው መጠጋትም ጎርፍና ደለልን የሚያስቀረውን አጥር ማፍረስ ስለሆነ፣ መደቡ ከደንገሉ በስተጀርባ፣ በደረቁ በኩል ቢሆን ይመረጣል። ውሃ ለመቅዳት ዳር ዳሩን መግባትም አደጋ አለው፤ በጣና ዙሪያ ቢልሃርዚያ ስላለ፣ ትሉም በቆዳ በኩል ስለሚገባ፣ በቱቦ መሳብ ወይም ቢያንስ ቦት ጫማ ማድረግ ተገቢ ነው። በዓባይ መውጫ አካባቢ ለሚያለማ ሰው ደግሞ ሌላ እንግዳ አለ፦ ጉማሬ ሌሊት ለግጦሽ ሲወጣ መደብ አይለይም፤ ሰላጣውን ቢበላውም ባይበላውም በእግሩ የሚተወው አዲስ ጉድጓድ ነው። መደብን ከጉማሬ መንገድ ላይ አለመሥራት ከማንኛውም አጥር ይበልጣል።

እምቦጭን ለጉዝጓዝ ለመጠቀም የሚያስቡ ሰዎች አሉ። ያበበ እምቦጭ ግን ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት የሚቆይ በመሆኑ ወደ አዲስ ቦይና ኩሬ ማሻገሩ ጥፋት ነው፤ የጤፍ ገለባ ወይም ደረቅ ሣር ይበቃል።

አጠጣጡን በተመለከተ፣ መደቡ በጥልቀት አንድ ጊዜ ጠጥቶ ለሳምንት ከሚተው ይልቅ በትንሽ በትንሹ፣ በበጋ በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ቢጠጣ ይሻላል። ሰዓቱ ማለዳ ይሁን፤ ማታ የረጠበ ቅጠል ሌሊቱን ስለሚያድር ሻጋታ ይወልዳል። ምርቱ ሊነሳ በተቃረበበት ሳምንት ውሃው በሥሩ በኩል ብቻ እንዲሄድ፣ ቅጠሉን እንዳይነካ ማድረግ በውሃው የሚመጣውን ብክለት ይቀንሳል። መደቡ አንድ ጊዜ ደርቆ አንድ ጊዜ ሲጥለቀለቅ ደግሞ የውስጠኞቹ ቅጠሎች ጠርዝ ቡናማ ሆኖ ይቃጠላል፤ ይህ በሽታ ሳይሆን ካልሲየም ከውሃው ጋር ወደ ለጋው ቅጠል በወቅቱ አለመድረሱ ነው፣ መድኃኒት መርጨትም አያድነውም።

ለዐቢይ ጾም ማድረስ

ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የተዘራ ሰላጣ ብዙ ጥበብ አይጠይቅም። ለጾሙ የሚዘራው ግን ስሌት ይፈልጋል። ጾሙ የሚገባበትን ቀን ይዞ ስምንት ሳምንት ወደ ኋላ መቁጠር የመጀመሪያውን ዘር የሚዘሩበትን ቀን ይሰጣል፤ ከዚያ በየሁለት ሳምንቱ ትንሽ ትንሽ መዝራት ነው። ሁሉንም በአንድ ቀን ዘርቶ በአንድ ሳምንት ለመሸጥ መሞከር ግማሹ አገዳ እንዲያወጣ መፍቀድ ነው። የካቲት ካለቀ በኋላ መዝራቱን ማቆም ይበጃል፤ የመጋቢት ዘር የሚደርሰው ጾሙ ከተፈታ በኋላ፣ በዓመቱ ክፉ ሙቀት ውስጥ ነው።

የእነዚህ ኋለኛ መደቦች ሦስት መሣሪያዎች ጥላ፣ ጉዝጓዝና ቀድሞ መቁረጥ ናቸው። አንድ ሜትር ያህል ከፍ ባለ የእንጨት አልጋ ላይ ሣር በስሱ አንጥፎ ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ያለውን ፀሐይ መከላከል ይቻላል፤ ጥላው ግን ቀኑን ሙሉ የሚያጨልም ከሆነ ቅጠሉ ይገረጣል። ፓፓያ ያለው ጓሮ ተፈጥሯዊ ጥላ አለው፤ ከጥቅጥቅ ማንጎ ሥር ግን ሰላጣ አይሆንም። ምርቱም ሙሉ ዕድሜውን ሳይጠብቅ፣ ከተዛወረ ከ35 እስከ 40 ቀን ውስጥ ለጋ ሳለ ቢነሳ፣ በመጠን የጎደለው በጣዕም ይካካሳል።

ስለ ተባይ ጥቂት ማለት ይበቃል። ክሽክሽ በቅጠሉ ጀርባና በልቡ ውስጥ ይሸሸጋል፣ የሰላጣን ቫይረስም ያስተላልፋል፤ ገና በጥቂት ተክሎች ላይ ሳለ በሳሙና ውሃ ማጠብ ወይም ተክሉን ነቅሎ ማራቅ ይሻላል። ችግኝ ከአንገቱ ቆርጦ የሚጥለው ቆራጭ ትል ማለዳ ከወደቀው ችግኝ ሥር አፈሩ ሲጫር ተጠቅልሎ ይገኛል። ሳይበስል በሚበላ ቅጠል ላይ መርዝ መርጨትን እኔ አልመክርም፤ የረጨ ሰው ግን በመለያው ላይ የተጻፈውን የመጠበቂያ ቀን ሳይሸራርፍ ማክበር አለበት። ሰላጣ በነበረበት መደብ ሽንኩርት ወይም በቆሎ ማስከተል አፈር ወለድ ብስባሹን ያዳክማል።

ቆረጣና እጥበት

ሰላጣ የሚቆረጠው ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት፣ ቅጠሉ የሌሊቱን ቅዝቃዜ እንደያዘ ነው። ተቆርጦ ወዲያው ወደ ጥላ ይገባል፤ በእርጥብ ጨርቅ ተሸፍኖ በቅርጫት ይጓጓዛል። በአንድ ባጃጅ ከበሰለ ማንጎ፣ ሙዝ ወይም ፓፓያ ጋር መጫን የተለመደ ቢሆንም ጉዳት አለው፤ የበሰለ ፍራፍሬ ኤትሊን የተባለ ጋዝ ስለሚያወጣ በሰላጣው ደም ሥር ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ያመጣል። በማቀዝቀዣ ውስጥም ቢሆን ለየብቻ ይቀመጡ።

በቤት ውስጥ ቅጠሎቹ አንድ በአንድ ተገንጥለው፣ በሚፈስ ንጹሕ ውሃ ሁለቱም ገጾቻቸው በጣት እየታሹ ይታጠባሉ። አቼቶ ባለበት ውሃ መዘፍዘፍ ቢረዳም፣ የትል እንቁላልና የአሜባ ቋጠሮ በአቼቶም በበረኪናም በቀላሉ ስለማይሞቱ፣ ዋናው ሥራ ያ እሽታ ነው። በተለይ ከግንዱ ጋር የሚያያዘው ጎድጓዳ ክፍል አፈር ስለሚቋጥር በእርሱ ላይ መቆየት ያስፈልጋል። ሎሚ፣ ዘይት፣ ቃሪያና ሽንኩርት የሚጨመሩበት ሊቀርብ ሲል ነው፤ ጨውና ሎሚ ቀድመው ከገቡ ከተጠበሰው ቀረሶ ጎን የሚቀርበው ሰላጣ ሳይሆን የጠወለገ ቅጠል ይሆናል።

የራስን ዘር መያዝ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መደቡ ላይ ቀድሞ አገዳ ያወጣው ተክል «ለዘር ይሁን» ተብሎ ይተዋል፣ ቀሪው ይበላል። እንዲህ በየዓመቱ ሲደረግ የሚመረጠው ለመሮጥ የሚቸኩለው ዘር ነው፤ ከጥቂት ዓመት በኋላም ጓሮው ሙቀት ሲነካው ወዲያው የሚመር ሰላጣ ብቻ ይቀርለታል። ለዘር መተው ያለበት ቅጠሉ ያማረና በመጨረሻ አገዳ ያወጣው ነው፤ ቀድሞ የሮጠው ለዶሮ ይሁን። ሰላጣ ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል ሁለት ዓይነቶችን ጥቂት ሜትር ማራራቅ ይበቃል። አበባው ከተከፈተ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ውስጥ ነጭ ጥጥ መሰል ጸጉር ብቅ ይላል፤ እኩሌታው እንዲህ ሲሆን አናቱን በወረቀት ከረጢት ውስጥ አጎንብሶ ማራገፍ፣ በነፋስ ማጥራትና በጥላ ማድረቅ ነው። ይህ ሥራ ከክረምቱ ዝናብ በፊት እንዲያልቅ የዘሩ ተክሎች ከታኅሣሥ ዘር ቢመረጡ ይመቻል።

አዲስ የተሰበሰበ ዘር ለጥቂት ሳምንታት ላይበቅል ስለሚችል ወዲያው «ሞቷል» ብሎ መጣል አይገባም። በደረቀና ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ፣ ዓመቱ ተጽፎበት፣ ከምድጃ ርቆ ቢቀመጥ ከሦስት ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። ከመዝራት በፊት 20 ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ላይ ለሳምንት አስቀምጦ ማየት ጥሩ ነው፤ ከ14 በታች ከበቀለ ወይ አወፍሮ መዝራት፣ ወይ አዲስ እሽግ መግዛት ያስፈልጋል።